እስከ ደጅ ብቻ እንዳይቀር፦ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ከትምህርት ቤት ወደ ራሳቸው ኑሮ ማሸጋገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ እግሮቹ ስላልጸኑለት አንድ ሰው ጽፎልናል። ይህን ሰው ሰዎች በየቀኑ እየተሸከሙ መልካም በምትባለው የመቅደስ ደጅ ያስቀምጡት ነበር (ሐዋ. 3፥1-10)። የተሸከሙት ሰዎች ደግነት ጎድሏቸዋል ማለት አንችልም፤ ሳይታክቱ በየቀኑ ሰውን መሸከም ቀላል አይደለምና። ነገር ግን ድካማቸው ሁሉ ከደጁ አያልፍም ነበር። የሰውየው ዕድሜ ከአርባ ዓመት ያለፈ እንደ ነበረም መጽሐፍ ይነግረናል (ሐዋ. 4፥22)። ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቅዱስ ጴጥሮስ በጌታችን ስም ቀኝ እጁን ይዞ አስነሣው፤ ሰውየውም ከሐዋርያቱ ጋር ወደ ውስጥ ገባ።

በዘመናችንም ብዙ ወላጆችና መምህራን አካል ጉዳተኛ ልጆችን በብዙ ድካም ተሸክመው ወደ አንድ ደጅ ያደርሳሉ። ያ ደጅ የትምህርት መጨረሻ ነው። ልጁ ፊደል ቆጥሯል፣ ብሬል ወይም የምልክት ቋንቋ ተምሯል፣ 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ደርሷል። ከዚያ በኋላ የት ይግባ? ሥራውስ ምን ይሁን? ከማን ጋር ይኑር? ወላጆቹ ሲደክሙ ማን ይደግፈው? እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ትናንት ደብተር ይዞ ያየነውን ወጣት ዛሬ በቤት ጓዳ ተቀምጦ፣ አልፎ ተርፎም በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ እናገኘዋለን። ይህ እንዳይሆን ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ሽግግሩ ለምን ይከብዳል?

ትምህርት ቤት ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ከቀለም ትምህርት በላይ ነው። ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት፣ በስሙ የሚጠሩት ጓደኞች፣ ችግሩን የሚያውቅ መምህር፣ የለመደው መንገድና የታወቀ ሰዓት ያገኝበታል። ትምህርቱ ሲያበቃ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቋረጣል። ጉዳት የሌለበት ወጣትም በዚህ ወቅት ይቸገራል፤ ለአካል ጉዳተኛው ግን ችግሩ እጥፍ ነው። የሥራ ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዐይነ ስውሩ አያነበውም። የሚመዘገብበት ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው አይወጣበትም። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ መስማት የተሳነው ወጣት ዕውቀቱን መግለጥ አይችልም።

በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ባሉ ትምህርት ቤቶች ለመማር ከገጠር የሚመጡ ሕፃናት ከቤተሰባቸው ርቀው ያድጋሉ። ወደ ቀዬአቸው ሲመለሱ ቤተሰቡ ያለ እነርሱ መኖርን ለምዷል፤ እነርሱም የእርሻውንና የጓዳውን ሥራ አልለመዱም። የተማሩትን የሚያነብላቸውም ሆነ የሚረዳላቸው ሰው በአካባቢው ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ተስፋን ሁሉ በአንድ ፈተና ላይ መጣል ነው። ብዙ ወላጆች የ12ኛ ክፍልን ውጤት ከመጠበቅ ሌላ ዕቅድ የላቸውም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው ሀገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ይህ የሁሉም ተማሪዎች ውጤት ነው። እንግዲህ የመማሪያ መጻሕፍትን በብሬል ያላገኘ ወይም አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል የተማረ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ባይገባ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ሌላ መንገድ አስቀድሞ ያላዘጋጀንለት እኛው ነን።

አስቀድሞ የሚታረም አመለካከት

ከዕቅድ በፊት ልብ ይቀድማል። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባገኘ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የማን ኃጢአት እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም የሰውየውም የወላጆቹም እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የእግዚአብሔር ሥራ ሊገለጥበት እንደሆነ መለሰላቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ይህ መልስ ከተሰጠ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሆኖም ዛሬም አካል ጉዳትን ከእርግማን የሚቆጥሩ፣ ልጃቸውን ከእንግዳ የሚደብቁ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ተደብቆ ያደገ ልጅ በ20 ዓመቱ ወደ ሰው ፊት ውጣ ቢባል እንዴት ይችላል?

በዚሁ ምዕራፍ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ጎረቤቶቹ ያንን ሰው የሚያውቁት ተቀምጦ ሲለምን ብቻ ነበር (ዮሐ. 9፥8)። ማሰብ፣ መከራከርና መመስከር የሚችል ሰው መሆኑን ማንም አላስተዋለም። እርሱ ግን በአይሁድ አለቆች ፊት ቆሞ ለእውነት መሰከረ። ወላጆቹም ሲጠየቁ ልጃቸው ዐዋቂ ስለሆነ ስለ ራሱ ራሱ እንዲጠየቅ ነገሯቸው (ዮሐ. 9፥20-23)። እነርሱ ይህን ያሉት ከፍርሃት የተነሣ ነው። ቃሉ ግን እውነት ነበር፤ የዛሬ ወላጆች ደግሞ በፍቅር ሊሉት የሚገባ ነው። ልጃችን ያደገ እንደሆነ ስለ ራሱ ይጠየቅ፤ ስለ ራሱም ይናገር።

ስለ ጠበልና ጸሎትም አንድ ነገር ማለት ይገባል። እግዚአብሔር እንደ ፈቃዱ ይፈውሳል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ድውያንን በጠበልና በጸሎት ትረዳለች። ነገር ግን «እስኪድን ድረስ» በማለት የልጁን ትምህርት ለዓመታት ማቋረጥ፣ ወይም ሙያ እንዳይለምድ ማድረግ ከእምነት የሚመነጭ አይደለም። ጠበልና ትምህርት አይጣሉም። ሐዋርያት ያስነሡት ሰው ተፈውሶ ወደ መቅደስ ገብቷል፤ ቀጥለን የምናየው ሜምፊቦስቴ ደግሞ ሳይፈወስ በንጉሥ ማዕድ ተቀምጧል። ሁለቱም ገብተዋል። ፈውሱ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ ማስገባቱ ግን የእኛ ነው።

ንጉሥ ዳዊት ለሜምፊቦስቴ ያደረገው

ሜምፊቦስቴ የዮናታን ልጅ፣ የንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ሳለ የሳኦልና የዮናታን ሞት ተሰማ፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ካደገ በኋላ በሰው ቤት ተጠግቶ ሲኖር ንጉሥ ዳዊት ፈልጎ አስጠራው። በምዕራፍ 9 የተጻፈውን ስናስተውል ንጉሡ ሦስት ነገር አደረገለት።

የመጀመሪያው መተዳደሪያ ነው። የአያቱን ርስት ሁሉ መለሰለት። ዳዊት በየዕለቱ ምጽዋት ሊሰጠው ይችል ነበር፤ የሰጠው ግን የራሱ የሆነ ገቢ የሚያገኝበትን ርስት ነው።

ሁለተኛው ድጋፍ ነው። መሬቱን ራሱ ማረስ ስለማይችል ሲባ ከ15 ልጆቹና ከ20 አገልጋዮቹ ጋር እንዲያርስለት አዘዘ። ንጉሡ «ማረስ ስለማይችል መሬት አያስፈልገውም» አላለም፤ የጎደለውን በረዳት ሞላለት።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ሜምፊቦስቴ እንደ ንጉሥ ልጆች ሁልጊዜ ከንጉሡ ማዕድ ይበላ ነበር። ከሰው ተለይቶ ለብቻው አልተቀመጠም። ሚካ የሚባል ልጅ እንደ ነበረውም ተጽፏል (2ኛ ሳሙ. 9፥12)፤ ትዳርና ልጅም ከእርሱ አልራቁም።

መተዳደሪያ፣ ድጋፍና ቦታ፤ ለአካል ጉዳተኛ ወጣት የምናወጣው ዕቅድ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ሊመዘን ይችላል። ሥራ አግኝቶ ረዳት ካጣ ሥራው አይጸናም። ረዳት ኖሮት ሥራ ካጣ ዕድሜ ልኩን ጥገኛ ይሆናል። ሁለቱንም አግኝቶ በማኅበር፣ በሰርግና በለቅሶ ቦታ ከሌለው ብቸኝነት ይጎዳዋል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዳዊት ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ ረዳቱ ሲባ ጌታውን ትቶ ብቻውን መጣ፤ ሜምፊቦስቴ የከዳ አስመስሎም ተናገረበት (2ኛ ሳሙ. 16፥1-4)። ንጉሡም ሜምፊቦስቴን ሳይሰማ ርስቱን ለሲባ ፈረደለት። ሜምፊቦስቴ ኋላ ቀርቦ ሲናገር አህያ ተጭኖለት ከንጉሡ ጋር ሊሄድ ፈልጎ እንደ ነበረና ሲባ እንዳታለለው ታወቀ (2ኛ ሳሙ. 19፥24-30)። ከዚህ የምንማረው ረዳት የተረዳውን ሰው አንደበት መውሰድ እንደሌለበት ነው። ዛሬም ወጣቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ «ስሙ ማን ነው? ምን ይፈልጋል?» ተብሎ አብሮት ያለው ሰው ይጠየቃል። የባንክ ደብተሩን ዘመድ ይይዘዋል፤ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው እርሱ አያውቅም። ሙሴ አፉ ኮልታፋ ስለነበረ እግዚአብሔር አሮንን በሰጠው ጊዜ አሮን አፍ ሆነለት እንጂ በሙሴ ፈንታ መሪ አልሆነም (ዘጸ. 4፥10-16)። መልካም ድጋፍ እንደዚህ ነው።

ዝግጅቱ መቼና በምን ይጀመር?

ዝግጅቱ የሚጀመረው ትምህርት ሲያልቅ አይደለም፤ ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሆነው፣ ከ8ኛ ክፍል አካባቢ ጀምሮ ነው። ወላጅ፣ መምህርና ራሱ ወጣቱ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሀ. ራሱን መጠየቅ። ምን ደስ ይልሃል? ምን ትችላለህ? ምን ያስፈራሃል? የት መኖር ትፈልጋለህ? በንግግር መመለስ የማይችል ልጅ በምልክት፣ በሥዕል፣ በፊቱ ሁኔታ ይመልሳል። የሚወደውን ሥራ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን የምታውቅ እናት መልሱን ታነብበዋለች።

ለ. የዕለት ኑሮን ማስተማር። ልብሱን ማጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ ብር መለየትና መልስ መቁጠር፣ ስልክ መጠቀም፣ ታክሲ መያዝ፣ መንገድ መጠየቅ ሁሉ ይማሩታል። «ይጎዳብኛል» ብላ እሳት አጠገብ ያላስደረሰችው እናት ፍቅሯ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ልጁ በ25 ዓመቱ ሻይ ማፍላት ካልቻለ እርሷ በታመመች ቀን ይራባል። አንድ ሥራ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ፣ በየቀኑ ተደጋግሞ ይለመዳል። ራስን ከጥቃት መጠበቅም የዚሁ ክፍል ነው። ሰውነቱ የራሱ እንደሆነ፣ እንቢ ማለት እንደሚችልና ለማን እንደሚናገር ማወቅ አለበት። ይህ ለሴቶች ልጆች ይልቁንም ያስፈልጋል።

ሐ. ሰነዶችን ማዘጋጀት። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነትና የፋይዳ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና የጉዳቱን ዓይነት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ በጊዜው ካልወጡ ሥራ በተገኘ ቀን እንቅፋት ይሆናሉ። የባንክ ሒሳብም በራሱ ስም ይከፈትለት።

መ. ሥራን መቅመስ። በክረምት ወራት ከዘመድ ሱቅ፣ ከልብስ ስፌት፣ ከዳቦ ቤት፣ ከኮምፒውተር ጥገና ወይም ከአትክልት ሥራ ጋር ማስተዋወቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ወጣቱ የሚችለውንና የማይችለውን በተግባር ያውቃል፤ አሠሪውም ፍርሃቱ ይለቅቀዋል።

ሠ. ከአንድ በላይ መንገድ ማሰብ። ዩኒቨርሲቲ አንዱ መንገድ ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ አነስተኛ ንግድ፣ የእጅ ሙያና የአብነት ትምህርትም አሉ። ጌታችን በመክሊቱ ምሳሌ አምስት የተሰጠውንም ሁለት የተሰጠውንም በአንድ ዓይነት ቃል እንዳመሰገናቸው በገብር ኄር ሰንበት እንሰማለን (ማቴ. 25፥14-30)። የተወቀሰው ያነሰ መክሊት የተቀበለ በመሆኑ ሳይሆን ስለ ቀበረው ነው። የልጆቻችንን መክሊት ቀባሪ እኛ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

ጉዳቱ ሲለያይ ዝግጅቱም ይለያያል

ለዐይነ ስውር ወጣት በነጭ በትር ብቻውን መንቀሳቀስና ድምፅ በሚያወጣ ስልክና ኮምፒውተር መጠቀም ከሁሉ የሚቀድሙ ናቸው። ለዚህ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትልቅ አብነት አለን። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዐይኑ ታወረ። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በእጁ እየዳሰሰ ተማረ፤ ይህም የብሬል ጽሕፈት ከመፈጠሩ ከ1,400 ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው። በአንዳንድ ትምህርቱ ላይ ከሞተ በኋላ ነቀፌታ ቢነሣም በዘመኑ በእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ብዙዎችን አስተምሯል። ቅዱስ እንጦንስም ለትንኝና ለዝንብ የተሰጠው ዐይን ስለ ጎደለው እንዳያዝን፣ መላእክት የሚያዩበት ዐይን እንደ ተሰጠው ነግሮ አጽናንቶታል። በሀገራችንም በቃል በሚቀጸለው የዜማና የቅኔ ትምህርት ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ከሌሎች እኩል ቆመው ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። የአብነት ጉባኤያችን አካቶ ትምህርት የሚለው ስም ከመምጣቱ በፊት አካትቶ ያስተምር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዘመናዊው ትምህርትም በ5 ዓመቷ ገደማ ዐይነ ስውር የሆነችው የሕግ ባለሙያ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

መስማት ለተሳነው ወጣት ትልቁ ጉዳይ ቋንቋ ነው። በቤቱ ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከእናቱ ጋር እንኳ በልቡ ያለውን መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ወንድም ወይም እኅት ቋንቋውን ይማር። በቅዳሴ ጊዜ መስቀሉን ያያል፣ ዕጣኑን ያሸታል፣ ሥጋወደሙን ይቀበላል፤ ስብከቱ ግን ያልፈዋል፤ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ መንገርም ይቸግረዋል። በአንዳንድ አጥቢያዎች በምልክት ቋንቋ የሚሰጠው ትምህርት ለሌሎችም ሊዳረስ የሚገባው ለዚህ ነው።

የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ላለበት ብዙ ጊዜ የሚከለክለው ደረጃና መንገድ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ወይም ኦቲዝም ላለበት ወጣት ደግሞ ዐዋቂነት ማለት ብቻውን መኖር ማለት ላይሆን ይችላል። ለእርሱ የሚያስፈልገው የታወቀ የቀን ሥርዓት፣ የሚችለው ሥራ፣ የሚያውቁት ሰዎችና የራሱ ምርጫ የሚከበርበት ቤት ነው። ሁልጊዜ እንደ ሕፃን ማየት ግን አይገባም፤ የ30 ዓመት ሰው በሕፃን ስም መጠራት የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

ወላጆችና ወጣቶች መብታቸውን ቢያውቁ ለልመና ሳይሆን ለጥያቄ ይቀርባሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች።

ለሥራ ፈላጊ ወጣት ከሁሉ የሚጠቅመው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ችሎታው ያለውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከሥራ መከልከል ክልክል ነው፤ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ሲሆን ብቻ ይህ ይቀራል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ምቹ የማድረግ፣ ሲያስፈልግም ረዳት የመመደብ ኀላፊነት አለበት። አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም አይጣልበትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። አዳራሽና ሕንፃ የሚያሠራ ሰበካ ጉባኤ ይህን ከማንም በፊት ሊያስብበት ይገባል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ምእመናን

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ የሚባለውን በሚገባ ሳይረዱ ፈርመው ይወጣሉ። በዚያ ሀገር የአካል ጉዳተኞች የትምህርት ሕግ መሠረት ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው በግል የትምህርት ዕቅዱ (አይ.ኢ.ፒ.) ውስጥ ከትምህርት በኋላ ስላለው ሥራና ኑሮ የሽግግር ዕቅድ መኖር አለበት። በአንዳንድ ግዛቶች ከዚህም ቀድሞ ይጀመራል። ወላጅ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ልጁ መደበኛውን ዲፕሎማ ሲቀበል የትምህርት ቤቱ ግዴታ ያበቃል፤ ስለዚህ ብዙ ግዛቶች እስከ 21 ዓመት የሚሰጡትን አገልግሎት ሳይመረምሩ ለምረቃ መቸኮል ይጎዳል። በአብዛኞቹ ግዛቶች 18 ዓመት ሲሞላ የመወሰን መብቱ ከወላጅ ወደ ልጁ ይተላለፋል፤ ይህ ከመድረሱ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር መመካከር መልካም ነው። ለሥራ የሚያዘጋጅ የመንግሥት ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤትም በየግዛቱ አለ። በዚያ ያሉ አጥቢያዎች ሕጉን የሚያውቅ አንድ ምእመን ለቤተሰቦች አማካሪ አድርገው ቢመድቡ ትልቅ አገልግሎት ነው።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከከተማው ውጭ ያሠራው የበጎ አድራጎት መንደር ድውያን የሚታከሙበት ብቻ አልነበረም፤ ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎች የሚሠሩባቸው ቤቶችም ነበሩት። በእኛም አጥቢያዎች ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልግ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

ሰበካ ጉባኤ በአጥቢያው ያሉ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በስም፣ በዕድሜና በችሎታ መዝግቦ ቢይዝ የመጀመሪያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው፤ ያልታወቀ ሰው አይረዳምና። በአጥቢያው ነጋዴ፣ የእጅ ባለሙያና የድርጅት ኀላፊ የሆኑ ምእመናን አሉ። እያንዳንዱ አንድ ወጣት ለሦስት ወር ሥራ እንዲያለማምድ ቢጠየቅ እንቢ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛውን አባል በዕድሜው ክፍል ያስገባው እንጂ ዘወትር ከሕፃናት ጋር አያስቀምጠው። የማገልገል ዕድልም ይስጠው፤ ሲረዳ ብቻ የኖረ ሰው ሲያገለግል ቦታ እንዳለው ያውቃል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁንም የሚያስፈልጉ እንደሆኑ አስተምሯልና (1ኛ ቆሮ. 12፥22)።

የንስሐ አባቶችም ወደ ቤት በሚገቡበት ጊዜ ጓዳ ያለውን ልጅ ይጠይቁ። ካህን በስሙ ጠርቶ ያነጋገረውን ልጅ ቤተሰቡ መደበቁን ይተዋል። በየቤታችን የአንድ እግራቸው ተሰብሮ በሌላው ቆመው ሲጸልዩ የሚታየውን የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እንሳለማለን፤ በአንድ እግሩ የቆመውን ጎረቤታችንን ግን በምጽዋት ብቻ ማለፍ አይገባንም።

«እኛ ስናልፍስ?»

ይህ የብዙ እናቶችና አባቶች የሌሊት ጥያቄ ነው። «ልጄን ከእኔ በፊት ውሰድልኝ» ብለው እስከ መጸለይ የሚደርሱ አሉ። ይህን ጭንቀት በባዶ ማጽናኛ ማለፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ በመዘጋጀት ግን ማቅለል ይቻላል። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ወንድሞችንና እኅቶችን ሰብስበው ማን ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይነጋገሩ፤ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት እኅት ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ይከፋፈል። ስለ ቤቱና ስለ ንብረቱ በሕግ ባለሙያ ምክር ኑዛዜ ይጻፍ። የልጁ ጠባይ፣ መድኃኒቱ፣ የሚወደውና የሚያስፈራው ነገር በአንድ ደብተር ይስፈር። የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ በጥምቀት ዕለት የተቀበሉት ኀላፊነት ለዚህ ቀን ጭምር እንደሆነ ያስቡ። እድሩና የጽዋ ማኅበሩም ልጁን ከአሁኑ ይወቁት፤ በወላጁ ምትክ አባል አድርገው ይቀበሉት። ልጁ በየጊዜው አንድ ሁለት ሌሊት ከዘመድ ቤት ማደርን ቢለምድ የመለያየቱ ቀን ሲመጣ ሐዘኑ ከድንጋጤ ጋር አይደራረብበትም።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ በዚህ ሳምንት መጀመር ይቻላል። ወላጅ የሆንን ለልጃችን አንድ የቤት ሥራ እናስተምር፤ ምን መሆን እንደሚፈልግም እንጠይቀው። መምህር የሆንን የ8ኛ ክፍል ተማሪያችንን ወላጆች እንጥራ። አሠሪ የሆንን አንድ የሥራ ቦታ እንክፈት። የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች የሆንን በአጥቢያችን ያሉትን መመዝገብ እንጀምር። አካል ጉዳተኛ የሆናችሁ ወጣቶች ደግሞ የምትችሉትንና የምትሹትን ከመናገር አትቆጠቡ፤ በቤተ ክርስቲያን ቦታችሁ በደጅ ሳይሆን በጉባኤው መካከል ነው።

ለድኩማን ብርታት የሚሆን አምላካችን ልጆቻችንን ለወግ ለማዕርግ ያብቃልን፤ ወላጆቻቸውንም ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።